ወደ ግራ ይመታል የተባለው ጠመንጃ

በአፈሙዙ በሚጎርስ ጠመንጃ ላይ መነጽር መግጠም የሰነፍ ሥራ ነው እያለ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ያላገጠብኝ ሰው፣ ገና በዋለ በአራተኛው ቀን መነጽር በካርቶን ይዞ ወርክሾፔ በር ላይ ቆመ። ኦሪን ይባላል። አማቼ ነው፤ የእህቴ የአይሊን ባል። አይሊን ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ እኛ ግን አማችነቱን አላፈረስነውም። እሱ ከኔ ሌላ እንደልቡ የሚሰድበው ሰው የለውም፣ እኔም እንደዚያው።

ካርቶኑን ካፖርቱ ስር ሸጉጦ ወደ መንገዱ ዞር ብሎ ተመለከተ።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኩት።

«እንቁላል።»

«እንቁላሉ ላይ ‹ከሦስት እስከ ዘጠኝ እጥፍ ያቀርባል› ተብሎ ተጽፏል።»

«ሎዌል፣ ትገጥመዋለህ ወይስ ልሂድ?»

«ቆይ እንጂ፣ ትንሽ ልደሰት። አሥራ አምስት ዓመት ነው የጠበቅኩት።»

«ተደሰት። ግን በሩን ዝጋና ተደሰት። ቨርን በዚህ ካለፈ አለቀልኝ።»

ለምን እንደሚያልቅለት ልንገራችሁ። እዚህ ደቡብ ኦሃዮ ኮረብታዎች መሀል አንዲት የአደን ጎጆ ያለችን አራት ሰዎች ነን፤ ኦሪን፣ እኔ፣ ቨርንና የኦሪን የወንድም ልጅ ሮይስ። በጥር መጀመሪያ፣ ሌላው ጠመንጃ ሁሉ ተሰቅሎ በአፈሙዙ የሚጎርሰው ብቻ በሚፈቀድባቸው ጥቂት ቀናት፣ ጎጆዋ ውስጥ እንከትማለን። ጎጆዋ የራሷ ሕግ አላት። አጋዘን ተኩሶ የሳተ ሰው የሸሚዙ ጀርባ ከወገቡ በታች ይቆረጥና፣ ስሙና ዓመቱ ተጽፎበት ግድግዳው ላይ በምስማር ይመታል። ሦስት ዓመት በተከታታይ የተቆረጠበት ደግሞ ማድፈጫ ቦታውን ለተረኛው ለቆ ድንች ላጭና አጋዘን አባራሪ ይሆናል። ይህችን የሦስት ዓመት ሕግ ያወጣት ኦሪን ራሱ ነው። ሆባርት የሚባል ሽማግሌ ቦታ አልለቅ ብሎ አስቸግሮት ስለነበር፣ ለሆባርት ብሎ አወጣት። ሆባርት ሁለት ክረምት ድንች ልጦ ሞተ።

የኦሪን ቦታ ቋጥኙ ነው። ከወንዙ በላይ ወጣ ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሲሆን፣ አጋዘኖቹ የሚያልፉበትን ሸለቆ ከዳር እስከ ዳር ያሳያል። ከሱ በፊት አባቱ ይቀመጥበት ነበር፤ እሱም አርባ አንድ ዓመት ተቀምጦበታል። ከታች፣ ስልሳ ርምጃ ያህል ርቆ፣ ሮይስ ትልቅ የባሉጥ ዛፍ ተደግፎ ይቀመጣል። የሮይስን ብርቱካናማ ቆብ እያየ ወደዚያ አለመተኮስ የቋጥኙ ሰው ኃላፊነት ነው። ይህን እንደ ቀላል ነገር ስለምንቆጥረው ማንም አንሥቶት አያውቅም።

አሁን ግን ግድግዳው ላይ ሁለት የኦሪን ሸሚዝ ቁራጮች ጎን ለጎን ተመትተዋል፣ የአምናውና የካቻምናው። ዘንድሮ ከሳተ ቋጥኙ ለተረኛው ይሄዳል። ተረኛው እኔ ነኝ።

እንግዲህ አስቡት። ቋጥኙን ሠላሳ ዓመት ተመኝቼዋለሁ። አሁን ባለቤቱ እዚያው ተተክሎ እንዲቀር የሚያደርገውን መሣሪያ አስተካክልልኝ ብሎ ለኔ ያመጣልኛል። አንድ ፀጉር ያህል ባጣምመው ማን ያውቃል? ሐሳቡ አልመጣብኝም ብዬ አልዋሽም። መጣ፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ እግሩንም አነባበረ። ያባረርኩትም በጽድቅ ሳይሆን በኩራት ነው። በዚህ አካባቢ መነጽር በማስተካከል የሚደርስብኝ የለም። ከኅዳር ጀምሮ ጎረቤቱ ሁሉ ጠመንጃውን እያቀፈ የሚመጣው ወደኔ ነው። ለቋጥኝ ብዬም ቢሆን ጠማማ ሥራ ከእጄ አይወጣም።

መጀመሪያ መጠቅጠቂያ ዘንጉን በአፈሙዙ ሰድጄ አለመጉረሱን አረጋገጥኩ። የአምና ጥይቱን እንደጎረሰ ጠመንጃ የሚያመጣልኝ ሰው በየዓመቱ አይጠፋም። ከዚያ መነጽሩን በቀለበቶቹ አሰርኩ፣ ብሎኖቹን በብሩጎላ ቁልፍ ተራ በተራ ትንሽ ትንሽ አጠበቅኩ፣ ጠመንጃውን በጨርቅ ጠቅልዬ በሞርሳው የብረት መንጋጋ አስያዝኩት። ቀጥሎ የጠመንጃውን ቱቦ ከኋላ የሚዘጋውን ወፍራም ብሎን ለመፍታት ተነሣሁ። ኦሪን ግራሶ የሚባል ነገር አስነክቶት ስለማያውቅ፣ ብሎኑ እሺ ያለኝ ከብዙ ስድብ በኋላ ነው። አንዴ ከወጣ ግን ቱቦው እንደ ውሃ ቧንቧ ከጫፍ እስከ ጫፍ ክፍት ነው። በጓሮው በር ወጥቼ ሃምሳ ርምጃ ሄድኩና አጥሩ ላይ ካርቶን አቆምኩ፤ መሀሉ ላይ የስኒ ማስቀመጫ የሚያህል ብርቱካናማ ክብ ለጠፍኩበት።

ሥራው እንዲህ ነው። ከኋላ ሆነህ በቱቦው ውስጥ ታይና ክቡን መሀል ለመሀል ታደርገዋለህ። ከዚያ ጠመንጃውን ሳትነካ፣ ሳትተነፍስበት፣ ዐይንህን ወደ መነጽሩ ከፍ ታደርግና መስቀለኛው መስመር እዚያው ክብ ላይ እስኪወድቅ ድረስ ሁለቱን መዘውሮች ታዞራለህ። ቱቦውና መነጽሩ አንድ ነጥብ ካዩ ተስማሙ ማለት ነው። የሚቀረው ሁለት ሦስት ጥይት ተኩሶ ማረጋገጥ ነው። በኛ ሸለቆ ግን አንድ ጠመንጃ ሲጮህ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ ኦሪን ከመክፈቻው ቀን በፊት አንድም አልተኩስም ብሎ ነበር።

አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ኦሪን ሰዓቱን ሙሉ ከኋላዬ ቆሞ ነቀፈኝ። ብሩጎላውን የያዝኩት እንደ ማንኪያ ነው፣ ሞርሳዬ ዝጓል፣ ምድጃዬ ያጨሳል።

«በል ና እይ» አልኩት በመጨረሻ። «በዕድሜህ እንዲህ ያለ ሥራ አላየህም።»

ጎንበስ ብሎ ዐይኑን ከቱቦው ጋር ገጠመ። ልክ በዚያች ቅጽበት ከኮረብታው ነፋስ ወረደ። ካርቶኑ ከአጥሩ ላይ ተነሣ፣ አንዴ ተገለበጠና በረዶው ላይ በፊቱ ተደፋ። አጥሩ ባዶውን ቀረ። ልስቅ ስል ኦሪን ተናገረ።

«መሀል ለመሀል!» አለ። «እንደ እንቁላል አስኳል ቁጭ ብሏል።»

ሳቁ አፌ ላይ ደረቀ።

«በመነጽሩስ?» አልኩት ቀስ ብዬ።

ቀና ብሎ በመነጽሩ አየ። አልቸኮለም። «መስቀሉ ላዩ ላይ ነው። እጅህ ይባረክ፣ ሎዌል። ሰው ፊት አልናገረውም እንጂ ጎበዝ ነህ።»

ይህን ምስጋና ስንት ዓመት ስጠብቀው ኖሬ ነበር። ምነው ባልሰማሁት አልኩ።

ዝም ብል፣ የማያይ ሰው ጠመንጃ ይዞ ከሮይስ ራስ በላይ ሊቀመጥ ነው። ብናገር ደግሞ፣ ለቋጥኝ ሲል አማቹን ዕውር አደረገው ልባል ነው። የትኛው እንደሚብስ ለማመዛዘን የፈጀብኝ ጊዜ ዛሬም ያሳፍረኛል፤ ምድጃው ውስጥ እንጨት ለመጨመር የሚበቃ ጊዜ ነበር፣ እንጨትም ጨምሬያለሁ።

«ኦሪን» አልኩት፣ «ካርቶኑ ወድቋል።»

ዐይኑን ከመነጽሩ አላነሣም። «መቼ?»

«አንተ ከማየትህ በፊት።»

እንደጎበጠ ተናገረ። «ነጥብ ግን አለ። ሁልጊዜ መሀል ላይ አለ። ግራጫ ነው፤ የትም ብዞር ይከተለኛል። ብርቱካናማ ነው ስትለኝ፣ እሺ ብርቱካናማ ይሁን አልኩ።»

«ሐኪም አይቶሃል?»

«አይቶኛል። የመሀሉ እያለቀ ነው፣ ዳር ዳሩ ይቀርልሃል አለኝ። ቀዶ ጥገና ምናምን የለውም።» ተነሥቶ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። «ይኸውልህ፣ አሁን በሩን ሳይ አንተን አይሃለሁ። አንተን ካየሁህ ትጠፋለህ። የማየውን ነገር ብቻ ነው የማላየው።»

«እዚህ በምን መጣህ?»

«በመኪናዬ።»

«ኦሪን!»

«መንገዱን ዳር ዳሩን አየዋለሁ አልኩህ እኮ!»

ሳቅ መጣብኝ፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ሁለታችንም መሳቁን አልቀጠልንበትም።

«መነጽሩ ያቀርብልኛል ብዬ ነበር» አለ። «አቀረበልኝም፤ ዳር ዳሩን።»

«ለምን ወደኔ መጣህ? ሌላ ሰው ጠፍቶ ነው?»

«ከኔ መነሣት የምትጠቀመው አንተ ነህ። ሌሎቹ አዝነውልኝ ይዋሹኛል። አንተ ግን እውነቱን ታፈርጠዋለህ ብዬ ተማመንኩብህ።»

ይህን እንደ ስድብ ልቁጠረው ወይስ እንደ አደራ እስካሁን አልለየሁም። ለመከርከር ግን ጊዜው አልነበረም። «እንግዲያው ንገራቸውና ይብቃህ» አልኩት።

«ልንገራቸው? ቨርን የቤተ ክርስቲያኑን ሴቶች በሙሉ በተራ ምግብ በድስት ያሸክምልኛል። ሮይስ ሥጋዬን ይቆርጥልኛል። አይሊን የሞተች ጊዜ ያንን ለስድስት ወር በልቼዋለሁ፣ ጠግቤያለሁ። እኔ የምፈልገው እንዲስቁብኝ ነው፤ እንዲያዝኑልኝ አይደለም። ቋጥኙን እንደ ማንኛውም ሰው ስቼ፣ ሸሚዜ ተቆርጦ፣ ተሰድቤ ልልቀቅ።»

ዕቅዱን እዚያው ሞርሳው አጠገብ አወጣን። በመክፈቻው ቀን አንዴ ይተኩሳል፣ ሳትኩ ይላል፣ ሦስተኛው ሸሚዝ ይቆረጣል፣ ቋጥኙ ወደኔ ያልፋል፣ እሱ ድንች ይልጣል። እኔ ግን አንድ ነገር አከልኩ።

«ባሩድ ብቻ ነው የሚጎርሰው» አልኩት። «ጥይት የለም።»

«የምተኩሰው ማዶ ያለው የአፈር ግድግዳ ላይ እኮ ነው! እሱንም አታምነኝም?»

«አላምንህም።»

ተቀየመ። የምሩን ነው የተቀየመው። ብሎኑን ግራሶ ቀብቼ ስመልስለት ፊቱን አዙሮ ቆየ።

«መነጽሩን ላውልቀው እንግዲህ?» አልኩት።

«ተወው። ኦሪን መነጽር ገጥሞ ሳተ ሲባል ሳቁ ይበዛል።»

ከስህተታችን ሁሉ ትልቁ ይህ ነበር። የዚያን ቀን ግን ለሁለታችንም ብልህነት መስሎን ነበር። በመኪናው እኔ ነድቼ ቤቱ አደረስኩትና አምስት ማይል በእግሬ ተመለስኩ፤ መንገዱን ሙሉ የኔን አነዳድ ሲነቅፍ ነበር የሄደው።

የመክፈቻው ቀን ማለዳ ሮይስን ሰበብ ፈጥሬ ከቨርን ጋር ወደ ላይኛው ኮረብታ ላክሁትና ከኦሪን ጋር ቋጥኙ ላይ ወጣሁ። ጠመንጃው ሁለት እንክብል ባሩድ ጎረሰ፣ በላዩ የተጠቀለለ ጋዜጣ ወተፍኩበት። ወደ ማዶው የአፈር ግድግዳ ትከሻውን ይዤ አዞርኩት። ቃታውን ከመሳቡ በፊት ብዙ ቆየ፤ አርባ አንድ ዓመት የተቀመጠበትን ድንጋይ በግራ እጁ ሲዳስስ አይቼ ሌላ ቦታ አየሁ። ከዚያ ሳበው። ሸለቆው ጮኸ፣ ጭሱ እንደ ጉም ሸፈነን።

«ደህና ይሸታል» አለ ኦሪን፤ ሌላ ነገር አልተናገረም።

እኩለ ቀን ላይ ጎጆዋ ውስጥ ተሰበሰብን። ቦሎቄ በአሳማ ሥጋ ተቀቅሎ ነበር፣ የበቆሎ ዳቦም አለ። ማንም ሳይጠይቀው ኦሪን ተነሣ።

«ሳትኩ!» አለ። «ትልቅ ወንድ አጋዘን፣ አርባ ርምጃ፣ ሳትኩት። ቢላዋ አምጡ።»

እንዲህ ቸኩሎ ሸሚዙን የሚሰጥ ሰው ጎጆዋ አይታ አታውቅም። ቨርን ቢላዋውን አንሥቶ ሲመጣ ጥግ ላይ የቆመውን ጠመንጃ አየ። ቨርን ጡረታ እስኪወጣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ነበር፤ ዳኛ ሳይሆን መቅረቱ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበዋል።

«ቆይ ቆይ ቆይ። ይህ ምንድን ነው? ሮይስ፣ የማየውን ታያለህ? መነጽር! የኦሪን ጠመንጃ ላይ መነጽር!»

እንደታቀደው ሳቁ። ቨርን እንባው እስኪወርድ ሳቀ፣ ኦሪንም ከልቡ ሳቀ፤ እውነተኛ ደስታ ፊቱ ላይ አየሁበት። ሁሉም ነገር መስመር ይዞ ነበር። ከዚያ ቨርን እንባውን ጠርጎ ጠየቀ።

«ማን ገጠመልህ?»

«ሎዌል» አለ ኦሪን።

ቨርን ቢላዋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ተረኛው ማን ነው?»

«ሎዌል» አለ ሮይስ።

«የገጠመው ማን ነው?»

«ሎዌል።»

«እንግዲህ!» አለ ቨርን፣ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ።

«መነጽሩ ቀጥ ያለ ነው!» ብዬ ጮህኩ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ኩራቴና የገባሁት ቃል ወደ አንድ ወገን ሳቡኝ። «በሃምሳ ርምጃ አንድ ፀጉር አያዛንፍም! የሳተው እሱ ነው!»

«በጥይት አረጋግጠኸዋል?»

«አላረጋገጥኩም፣ ግን…»

«አላረጋገጠም! ሮይስ፣ ሰምተሃል፣ አላረጋገጠም።»

«ወዴት ነው የሄደብህ አጎቴ?» አለ ሮይስ።

ለዚህ ጥያቄ አልተዘጋጀንም ነበር። ኦሪን «ወደ… ግራ» አለ።

«ወደ ግራ!» አለ ቨርን፣ ግራ ራሱ ወንጀል የሆነ ይመስል።

ጥይት ያልጎረሰ ጠመንጃ ወደ ግራ እንደሚመታ በዚህ ዓይነት በጉባኤ ተረጋገጠ። ኦሪን ሊያድነኝ ሞከረ። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ቃታውን በጥድፊያ ሳብኩት» አለ።

«አየህ?» አለኝ ቨርን። «እንዲህ አድርገኸው እንኳ ይሸፍንልሃል። ጨዋ ማለት እንዲህ ነው። አንተ ግን የእህትህን ባል! ለአንድ ድንጋይ ብለህ!»

ብከራከር ለድንጋዩ ብሎ ነው ልባል ነው፤ ዝም ብል ያመንኩ ነው። ሁለቱንም ሞከርኩ። ድምፅ ተሰጠና ሁለት ለአንድ ተሸነፍኩ፤ ኦሪን ጣቶቹን እያየ፣ ማለትም ጣቶቹን ሳያይ፣ ድምፀ ተዓቅቦ አደረገ። ቨርን ሸሚዜን ከሱሪዬ መዞ ከጀርባው ሰፊ ቁራጭ ወሰደ። አዲስ ሸሚዝ ነበር፣ የገና ስጦታ።

«ኦሪን ቋጥኙ ላይ ይቆያል» ብሎ ፈረደ።

ሮይስ የአጎቱን ትከሻ መታ መታ አደረገው። አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ አጎቱ ፊት ግን አሁንም እንደ ልጅ ነው የሚሆነው። «አይዞህ አጎቴ። ዛሬውኑ ይህን መስታወት እናወልቀዋለን፤ ነገ በድሮው ማነጣጠሪያህ ትተኩሳለህ። እኔ እንደ አምናው ከታች ዛፌ ስር እሆናለሁ። የመጣውን ሁሉ ወዳንተ እመልስልሃለሁ።»

የኦሪን ፈገግታ ጠፋ። ፊቱን ወደ ምድጃው አዞረ። ይህን ያደረገው ሮይስን ለማየት መሆኑን ከኔ በቀር ያወቀ የለም።

«ጥይት አልነበረውም» አለ።

«ምኑ?»

«ጠመንጃው። ባሩድና ጋዜጣ ነበር። አጋዘንም አልነበረም። ሎዌል የሠራው ቀጥ ያለ ነው። እኔ አላይም፣ ሮይስ። የማየው ነገር ሁሉ መሀሉ የለም።»

ቨርን ቀልድ መስሎት ብቻውን ሳቀ፤ ብቻውን መሆኑን ሲያውቅ ተወው።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ ሮይስ።

«ከካቻምና መስከረም።»

ሮይስ በልቡ ሲቆጥር ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። «አምና ቋጥኙ ላይ ነበርክ። እኔ ከታች ነበርኩ።»

«አዎ።»

«ተኩሰሃል። ስተሃል ብለን ሸሚዝህን ቆርጠናል።»

«የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። አጋዘን ይሁን አንተ መለየት አቃተኝ። ጠመንጃውን ደግሞ አንሥቼዋለሁ፣ ቨርን ከማዶ እያየኝ ነው። ሳልተኩስ ባወርደው ምን እላለሁ? ትልቁ ባሉጥ ላይ ከፍ አድርጌ ሰደድኩት።»

«የምደገፈው ባሉጥ ላይ?»

«ከፍ አድርጌ ነው ያልኩህ።»

ይህንን እኔም አላውቅም ነበር። ዕቅድ ስናወጣ፣ ስንስቅ፣ ስለ ኩራቱ ሲነግረኝ፣ ይህን ውጦ ነበር የተቀመጠው። ተናደድኩበት፤ እንደዚያ ቀን ተናድጄበት አላውቅም። ቨርን የሸሚዜን ቁራጭ እንደያዘ ቀረ። የሳቀ የለም፣ ያዘነለትም የለም። ኦሪን ከሚመኘውም ከሚፈራውም አንዱን እንኳ አላገኘም።

ሮይስ ካፖርቱን ለብሶ ወጣ። ከውጭ እንጨት ሲፈልጥ ሰማነው፤ የእንጨት ሳጥኑ ግን ከጠዋት ጀምሮ ሙሉ ነበር። ከብዙ ቆይታ በኋላ ገባና አጎቱ ፊት ለፊት ቆሞ እጁን ዘረጋ።

«የመኪናህን ቁልፍ» አለ።

ኦሪን ኪሱ ገብቶ ሰጠው። ሮይስ ቁልፉን ኪሱ ከተተና ቦሎቄውን አቀረበ፣ በላን። ቋጥኙ የማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ከሁሉም ቀድሜ ወጣሁ። ቋጥኙ ላይ ግን አልወጣሁም፤ መጀመሪያ ወደ ታች፣ ወደ ባሉጡ ወረድኩ። በቋጥኙ በኩል ያለው የግንዱ ቅርፊት የሮይስ ጀርባ ስንት ዓመት ስለፈተገው ለስልሷል። ከበላዩ ያለውን ግንድ እስከ ቅርንጫፎቹ ድረስ ቃኘሁት፤ ቀዳዳ የለም። ከዚያ ሮይስ እንደሚቀመጠው ተቀመጥኩ፣ እሱ እንደሚደገፈው ተደገፍኩ፣ እጄን ከቆቤ በላይ ሰድጄ ግንዱን ዳሰስኩ። ክንዴን መዘርጋት አላስፈለገኝም፤ ጣቴ ቀዳዳው ውስጥ ገባ።

ጥቂት እዚያው ተቀመጥኩ። ከዚያ ከወንዙ ዳር በረዶውን ሰብሬ ጭቃ አወጣሁ፣ ቀዳዳውን ደፈንኩት፣ ላዩ ላይ ቅርፊት ለጠፍኩና በመዳፌ አለሰለስኩት። ጥሩ ሥራ ነበር፤ ከእጄ ጠማማ አይወጣም ብያችኋለሁ።

ቀና ስል ሮይስ አጠገቤ ቆሟል። ገና በደንብ አልነጋም፤ እሱም ቀደም ብሎ ነው የመጣው።

«ቋጥኙ ላይ አይደለህም?» አለኝ።

«ዛፍህን ላይልህ ብዬ ነው።»

«አገኘኸው?»

«አገኘሁት» አልኩት፣ እውነቱን ታፈርጠዋለህ ተብዬ የተመረጥኩት እኔ። «እዚያ ላይ ነው፣ ከሁለተኛው ቅርንጫፍ በላይ። በመሰላል ካልሆነ አይደረስበትም።»

ወደ ላይ አላየም። እጆቼን አየ፤ ጭቃው እስከ አንጓዬ ድረስ ነበር፣ መድረቅም አልጀመረም። ረጅም ጊዜ አያቸው።

«ከፍ ያለ ነው እንግዲህ» አለ።

«በጣም።»

ራሱን ነቀነቀ፣ ብርቱካናማ ቆቡን አስተካከለ፣ ከዛፉ ስር ተቀምጦ ጀርባውን አስደገፈ። እኔም ቋጥኙ ላይ ወጣሁ።